ሞዴስ በመንግሥት በጀት ይገዛ? ከሰሜን ሸዋ አንባቢያን የደረሱን ጥያቄዎች

ባለፉት ወራት ከሰሜን ሸዋ ልዩ ልዩ ወረዳዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የተጻፉ በርካታ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ጉዳዩ የወር አበባ ንጽህና መጠበቂያ በመንግሥት ወጪ ለሴቶች፣ በተለይም ለሴት ተማሪዎች፣ በነፃ ይቅረብ ወይስ አይቅረብ የሚለው ክርክር ነው። ከደብዳቤዎቹ አራቱን መርጠን የጸሐፊዎቹን ስም ሳንጠቅስ መልስ ሰጥተንባቸዋል።

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከመሐል ሜዳ ነው። ገበሬ ነኝ፤ የሦስት ሴቶች ልጆች አባት ስሆን በትምህርት ቤታቸው የወላጅ መምህር ኅብረት አባል ነኝ። በቅርቡ ባደረግነው ስብሰባ አንዲት መምህርት ለሴት ተማሪዎች ሞዴስ በመንግሥት ወጪ ይገዛላቸው የሚል ሐሳብ ቢያቀርቡ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዱ ‹መጽሐፍ ሳይዳረስ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ይህን መጠየቅ ቅንጦት ነው፤ የየቤቱ ጉዳይ ነው› አለ። ሌላው ‹በሽማግሌ ፊት የሚነሣ ነገር አይደለም› ብሎ አቀረቀረ። መምህርቷ ግን በሌላ አገር በሕግ ተደንግጎ በነፃ ይሰጣል ብለዋል። እውነት ነው ወይ? ከሆነስ እንደኛ ያለውን ድኻ አገር ይመለከተዋል?»

መልስ፦ መምህርቷ የተናገሩት እውነት ነው። የንጽህና መጠበቂያ ለሚያስፈልገው ሰው ሁሉ በነፃ እንዲቀርብ በሕግ በመደንገግ የመጀመሪያዋ አገር ስኮትላንድ ናት። ሞኒካ ሌነን የተባሉ የምክር ቤት አባል ያቀረቡት ረቂቅ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ያለ አንድ ተቃውሞ ጸድቆ በነሐሴ 2022 ሥራ ላይ ውሏል፤ ግዴታውም የተጣለው በአካባቢ አስተዳደሮችና በትምህርት ተቋማት ላይ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከ2018 ጀምሮ፣ በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች፣ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች አቅርቦቱ ተጀምሮ ስለነበር ሕጉ የመጣው በሥራ የተፈተነን ነገር ለማጽናት ነበር።

ስኮትላንድን ብቻ ጠቅሼ ባቆም ግን «እነሱ ሀብታም ናቸው» የሚል መልስ በስብሰባው እንደሚጠብቅዎ እገምታለሁ። ስለዚህ ጎረቤታችንን ኬንያን እንይ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 በንጽህና መጠበቂያ ላይ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ አነሣች። በ2017 ደግሞ የትምህርት ሕጓን አሻሽላ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የተመዘገበች ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጃገረድ ሁሉ በቂና ጥራት ያለው መጠበቂያ በነፃ እንድታገኝ፣ ያገለገለውም የሚወገድበት ደኅንነቱ የተጠበቀ ስፍራ እንዲኖር መንግሥትን በሕግ አስገደደች። አፈጻጸሙ ያለ ችግር አልሄደም፤ ሥራው ከትምህርት ሚኒስቴር ወደ ሥርዓተ ጾታ መሥሪያ ቤት ተዛውሯል፣ አቅርቦቱም ይቆራረጣል የሚል ቅሬታ በተደጋጋሚ ተሰምቷል። ቢሆንም ዛሬ አንድ የኬንያ አባት «ልጄ ለምን አልደረሳትም?» ብሎ የሚጠይቀው ሕግ በእጁ ይዞ ነው።

«የየቤቱ ጉዳይ ነው» የሚለውን ክርክር ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም፤ ከልባቸው የሚያምኑበት ብዙ ሰዎች አሉና። ነገር ግን ልጅ መውለድ ከዚህ የበለጠ የየቤቱ ጉዳይ ሆኖ ሳለ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድ አገልግሎት የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው። የሕፃናት ክትባትና የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎትም እንዲሁ። ልጅን ምሳ ቋጥሮ መላክ ድሮም ዛሬም የወላጅ ተግባር ነው፤ ሆኖም የትምህርት ቤት ምገባ ሲጀመር መንግሥት በማይመለከተው ገባ ያለ ሰው የለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እያደገ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል። የንጽህና መጠበቂያ ከጤናም ከትምህርትም ውጭ ነው ብሎ የሚከራከር ካለ ምክንያቱን ማስረዳት ያለበት እሱ ነው።

ደግሞስ በየቤቱ የገንዘቡ መያዣ በማን እጅ ነው? በብዙ የገጠር ቤት ጥሬ ገንዘብ የሚገኘው እህል ወይም በግ ሲሸጥ ነው፤ የሚይዘውም አባት ነው። ልጅቱ አባቷን «ለሞዴስ ስጠኝ» ለማለት ታፍራለች፤ ለእናቷ ትነግራለች። እናት ዕንቁላል ሸጣ ትሰጣታለች፤ ዶሮዋ መጣል ያቆመች ጊዜ ግን የሚሰጥ ነገር የለም። ልጅቱ ገንዘቡን ይዛ ሱቅ ስትሄድ ደግሞ ወንዶች እስኪወጡ ትቆማለች፤ ባለሱቁ በጋዜጣ ጠቅልሎ በጥቁር ፌስታል ሲሰጣት በፍጥነት ትወጣለች። እርስዎ የሦስት ሴቶች ልጆች አባት ነዎትና አንድ ስሌት በራስዎ እጅ እንዲሠሩ እጠይቅዎታለሁ። የወር አበባ ባብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ቀን፣ አንዳንዴም እስከ ሰባት ቀን ይቆያል። መጠበቂያው በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ መቀየር ስላለበት ለአንዲት ልጅ በወር ቢያንስ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት እሽግ ያስፈልጋል። በመሐል ሜዳ ሱቅ የሚሸጥበትን ዋጋ በሦስት ልጆች፣ ከዚያም በ12 ወር ያባዙት፤ የእናታቸውንም ይጨምሩበት። የተገኘውን ድምር በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ቢናገሩት ቅንጦት ነው ያሉት ሰዎች ሐሳባቸውን ደግመው የሚያዩት ይመስለኛል።

ስለ ጣሪያውና ስለ መጽሐፉ፦ የወረዳ የትምህርት በጀት አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚውልና የሚተርፈው ጥቂት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬውኑ ለሁሉም ይዳረስ አልልም። ከ5ኛ ክፍል በላይ ካሉት፣ ከነሱም ሱቅ ርቋቸው በገጠር ቀበሌ ከሚማሩት ይጀመር። መጠኑ ያንስ ይሆናል፤ በየወሩ መድረሱ ግን መቋረጥ የለበትም።

በሽማግሌ ፊት ስለመነሣቱ የምለው አጭር ነው። የሸዋ ሰው ጨዋነቱን ይወዳል፣ እኔም እወድለታለሁ። ነገር ግን ስለ ልጆቻችን ጤና በተገቢው ቃልና በረጋ አንደበት መነጋገር ጨዋነትን አይነካም። እርስዎ ራስዎ በዚህ ደብዳቤ አድርገውታል፤ አመሰግንዎታለሁ።

ጥያቄ፦ «በደብረ ሲና ከተማ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለኝ። በነፃ ይታደል ከማለት ቀረጥና ታክሱ ቢነሣ ዋጋው ወርዶ ሁሉም መግዛት አይችልም ወይ? መንግሥት በነፃ ካደለ እኛ ነጋዴዎችስ ምን እንሸጣለን?»

መልስ፦ የቀረጥና የታክስ ቅነሳ ጥሩ ነው፤ መደገፍም አለበት። አገራችንም ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ በሚገባ መጠበቂያ ላይ የነበረውን የ30 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ወደ 10 በመቶ ዝቅ አድርጋለች። ይሁን እንጂ ቅናሹ እርስዎ መደርደሪያ ላይ እስኪደርስ በአስመጪና በአከፋፋይ እጅ ያልፋል። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጨማሪ እሴት ታክሱን አንሥታ ነበር፤ የመሸጫ ዋጋው ባለመቀነሱ በዓመቱ መልሳ ጣለችው። በእኛም አገር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃና ጥሬ ዕቃ ዋጋ መናሩን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ከሁሉ በላይ ግን የግማሽ ዋጋ ቅናሽ ቢደረግ እንኳ በእጇ አንድ ብር የሌላትን ልጅ አይረዳትም፤ የነፃ አቅርቦት ክርክር የተነሣውም ስለ እሷ ነው።

ንግድዎን በተመለከተ፣ ዛሬ ሞዴስ መግዛት ያልቻለች ተማሪ የእርስዎ ደንበኛ አይደለችም። ወረዳው ግዢውን ከሩቅ ከተማ ከሚፈጽም ከአካባቢው ነጋዴ በውድድር እንዲገዛ ነጋዴዎች ተሰባስባችሁ ብትጠይቁ ሐሳባችሁን እደግፋለሁ።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ገጠር ስለሆኑ እነዋሪ ከተማ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይተን ነው የምንማረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤት እንሄዳለን። ሞዴስ መግዣ ሁልጊዜ ስለማይኖረኝ ጨርቅ እጠቀማለሁ። በግቢው ወንዶች ስላሉ ጨርቁን አጥቤ ፍራሽ ሥር ነው የማደርቀው። ይጎዳኛል? ደግሞ አምና በግንቦት ትምህርት ቤታችን ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ እሽግ ሰጥተውን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አልመጣም። ለምንድነው?»

መልስ፦ ልጄ፣ ጨርቅ መጠቀምሽ በራሱ አይጎዳሽም፤ እናቶቻችንም የኖሩት በዚሁ ነው። የሚያሳስበኝ ፍራሽ ሥር መድረቁ ነው። ፀሐይና ነፋስ የማያገኝ ጨርቅ ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እርጥብ ይሆናል፤ እርጥበት ያለበት ጨርቅ ደግሞ ሻጋታና ተሕዋስያን ስለሚያፈራ ማሳከክ፣ ሽታና ኢንፌክሽን ሊያመጣብሽ ይችላል። በሙቅ ውኃ ደም ስለሚረጋ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቂው፣ ቀጥሎ በሳሙና እጠቢው፣ ከዚያም በገመድ ላይ ፀሐይ በሚመታው በኩል አስጪው። ሰው እንዳያየው የምትፈልጊ ከሆነ ከላዩ ስስ ነጠላ ወይም ሻሽ ደርቢበት፤ ነፋሱ ያልፋል፣ ዓይን ግን አያርፍበትም። አከራያችሁ እናት ከሆኑ ደግሞ በጓሮ በኩል አንድ ገመድ እንዲፈቅዱላችሁ ሦስታችሁ ሆናችሁ ጠይቋቸው፤ የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም። በክረምት፣ ጉምና ዝናቡ ቀኑን ሙሉ በማይለቅበት በደጋው አገር፣ ጨርቅ በውጭ አይደርቅም። ያን ጊዜ በካውያ መተኮስ ወይም በምድጃ አጠገብ በገመድ ማንጠልጠል ይቻላል፤ ዋናው ነገር ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አለመጠቀም ነው። በቁጥር የበዛ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ቢኖርሽ ለመቀያየርም ለማድረቅም ጊዜ ታገኛለሽ። ገላሽን ስትታጠቢ ውጪውን በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይበቃል፤ ወደ ውስጥ ሳሙና አታስገቢ።

ደሙ በየአንድ ሁለት ሰዓቱ የሚያርስሽ ከሆነ፣ ከሰባት ቀን በላይ ከቆየ፣ ከባድ ሽታና ማሳከክ ካለው፣ ወይም ሕመሙ ከክፍል የሚያስቀርሽ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ወይም በቅርብ ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አነጋግሪ። «ሴት ልጅ ይህን ትችለዋለች» የሚልሽን አትስሚ።

እየታጠበ ደግሞ የሚያገለግል የተሰፋ መጠበቂያም አለ። በአገራችን ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ በመቀሌ ባቋቋሙት ፋብሪካ የሚያመርቱት በአግባቡ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። እሳቸውም በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2019 የሲ.ኤን.ኤን. የዓመቱ ጀግና ተብለው ተሸልመዋል። ትምህርት ቤታችሁ አንድ ቀን መጠበቂያ ይገዛ ቢባል፣ ውኃ ባለበት ቦታ ይህ ዓይነቱም አብሮ እንዲታሰብ የክበባችሁን መምህርት ንገሪያቸው።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ። ግንቦት 20 በዓለም ዙሪያ የወር አበባ ንጽህና ቀን ሆኖ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይከበራል። አምና የደረሰሽ እሽግ ያን ቀን ምክንያት በማድረግ የተሰጠ ልገሳ ሳይሆን አይቀርም። ለጋሾቹን አመሰግናለሁ፤ ያን ዕለት አንቺን ከጭንቀት አድነውሻል። ነገር ግን የወር አበባ በየወሩ ይመጣል፣ ልገሳው ግን የሚመጣው ለጋሹ ሲያስብ ነው። በሚቀጥለው ወር ያልመጣው ያንቺ ጥፋት ስለሆነ ወይም የተረሳሽ ስለሆነ አይደለም፤ በማንም መሥሪያ ቤት የወጪ መዝገብ ውስጥ ስላልተጻፈ ነው። እኔ በዚህ ዓምድ የምወተውተውም ይኸው ነገር ከልገሳ ወጥቶ በበጀት ውስጥ አንድ መስመር እንዲሆን ነው።

ጥያቄ፦ «በባሶና ወራና ወረዳ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሴቶች ክበብ ተጠሪ መምህርት ነኝ። ጉዳዩን ለአስተዳደር ባቀርብ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ‹በጥናት ታይቶ ሞዴስ መስጠት የተማሪ ቀሪነትን አልቀነሰም› ብሎ ተቃወመኝ። እውነት ነው ወይ? በትምህርት ቤታችን የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት መቀርቀሪያ ስለሌለው አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን ይዛ ትቆማለች፤ ውኃውም ከግቢ ውጭ ነው። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ተማሪዎችም አሉን። ጥያቄዬን ለማንና እንዴት ባቀርብ ይሻላል?»

መልስ፦ ባልደረባዎ ከባዶ አልተናገሩም፤ ግን ግማሹን ነው የነገሩዎ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በኔፓል ቺትዋን በተባለው አካባቢ ወደ 200 ለሚጠጉ ልጃገረዶችና ለእናቶቻቸው ነበር የተደረገው። ለግማሾቹ ከሲሊኮን የሚሠራውንና ደሙን በውስጥ የሚያቁረውን ካፕ ሰጥቶ የትምህርት ገበታ ክትትላቸውን ቢለካ ለውጥ አላገኘም፤ ምክንያቱም ቀድሞውኑ በወር አበባ ሳቢያ የሚቀሩት እጅግ ጥቂት ቀናት ነበሩ። በጋና ተካሂዶ በ2012 የታተመው ደግሞ መጠበቂያና ትምህርት ያገኙት ልጆች ክትትላቸው መሻሻሉን አሳይቷል፤ የሚገርመው፣ ከወራት በኋላ ስለ ወር አበባ ትምህርት ብቻ ያገኙትም ተመሳሳይ መሻሻል አሳይተዋል። በምዕራብ ኬንያ ገጠር የተደረገውና በ2016 የታተመው ጥናት ትምህርት በማቋረጥ ረገድ ልዩነት አላገኘም፤ ነገር ግን መጠበቂያ ወይም ካፕ ባገኙት ልጆች ላይ የአባላዘር ኢንፌክሽን ቀንሶ ተገኝቷል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ሊያነጋግረን የሚገባ ነው፤ እዚያ አካባቢ የመጠበቂያ መግዣ ፍለጋ ልጆቹን ለወሲባዊ ብዝበዛ እንደሚያጋልጣቸው ቀደም ብሎ የታወቀ ነበርና።

እኔ እርስዎን ብሆን ጥያቄዬን በቀሪነት ላይ አልመሠርትም። ቀሪነትን ይቀንሳል ብለው በጀት ካስፈቀዱ በኋላ በዓመቱ መጨረሻ የክፍል መከታተያው ለውጥ ባያሳይ በጀቱ ይነሣል። ልጅቱ ግን ከክፍል ሳትቀርም ልብሷ እንዳይነካባት ቀኑን ሙሉ ሳትነሣ፣ ሰሌዳ ላይ ውጪ ስትባል «አላውቀውም» ብላ፣ በእረፍት ሰዓት ከወንበሯ ሳትላቀቅ ልትውል ትችላለች። ይህን የትኛውም መከታተያ አይመዘግበውም። ጤናዋና ክብሯ በራሳቸው በቂ ምክንያቶች ናቸው፤ ወላድ እናት በነፃ የምትገላገለው ይህን ያህል ትርፍ ታስገኛለች ተብሎ ተሰልቶ አይደለም።

መቀርቀሪያውና ውኃው ከሞዴሱ ጋር አንድ ጥያቄ ሆነው ይቅረቡ። መጠበቂያ ተሰጥቷት የምትቀይርበት ቦታ ያጣች ልጅ ብዙ አልተጠቀመችም። መቀርቀሪያ ለማስገባት በጀት መጠበቅ ስለማያስፈልግ እሱን በዚህ ሳምንት ያስፈጽሙ። ያገለገለው መጠበቂያ ፕላስቲክ ስላለበት ስለማይበሰብስ በጉድጓዱ ውስጥ ከተጣለ መጸዳጃውን ቶሎ ይሞላዋል። ክዳን ያለው ማጠራቀሚያና በጓሮ በኩል በጡብ የተሠራ የቆሻሻ ማቃጠያ በዕቅዱ ውስጥ ይግቡ።

ተፈናቃይ ተማሪዎቹ ቅድሚያ ይሰጣቸው። በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ መጠለያዎች ያሉት ሴቶች ከዕርዳታ ድርጅቶች አልፎ አልፎ የክብር መጠበቂያ ቁሳቁስ ሊደርሳቸው ቢችልም ቋሚ አይደለም፤ ልጆቹን ግን ለይተው በሰልፍ አይጥሩብኝ።

አቀራረቡን በተመለከተ፣ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የመሥሪያ ቤቶች ጥያቄ የሚሰበሰበው ግን ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ነው። ግንቦት 20 ሲከበር የሚቀርብ ጥያቄ የዘገየ ነው። ስለዚህ በጥርና በየካቲት ባለው ጊዜ ከ5ኛ ክፍል በላይ ያሉ የወረዳው ሴት ተማሪዎች ብዛት፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ ላሉት 10 ወራት የሚያስፈልገው እሽግና የሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ያለበት ደብዳቤ ያዘጋጁ። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ይፈርምበትና ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ በግልባጭም ለጤና ጽሕፈት ቤትና ለሴቶች ጉዳይ ይድረስ። የወረዳው ምክር ቤት ሴት አባላት አስቀድመው እንዲያነቡት ያድርጉ፤ በጉባኤው ላይ የሚከራከሩልዎ እነሱ ናቸው። እስከዚያው ከትምህርት ቤቱ ድጎማ ላይ ጥቂት እሽግ ተገዝቶ ለድንገተኛ ችግር በእርስዎ እጅ እንዲቀመጥ ርእሰ መምህሩን ይጠይቁ።

ግዢው ሲፈጸም እንደ ማንኛውም የመንግሥት ንብረት በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ይሁን፣ በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ደረሰኝ) ወጥቶ በእርስዎ ስም ይመዝገብ። ከዚያ ወዲያ ግን እያንዳንዷን ተማሪ ማስፈረም አያስፈልግም። የቀረውን እሽግ በወር አንድ ጊዜ ከሌላ መምህርት ጋር ቆጥሮ መፈራረም ለኦዲት ይበቃል፤ ልጆቹም ስማቸው በወረቀት ላይ ሳይሰፍር ከእርስዎ እጅ ይቀበላሉ።